ያበሰለው ሰው ፊልሙን ይይ

ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ራት ሠርቶ፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ ወይም ጓደኛ ጠርቶ፣ አንድ ፊልም አብሮ ማየት በየቤቱ እየተለመደ ነው። መልካም ልማድ ነው። የአንድ ቤተሰብ የሲኒማ ትኬትና የደርሶ መልስ ታክሲ ሲደመር ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ቅንጦት አይለውም። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ስለወደድሁትም አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ። ራቱ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ፊልሙ የቱንም ያህል ቢያስለቅስ፣ ያበሰለው ሰው ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ካላየ ምሽቱ አምሯል አልልም።

በብዙ ቤት የሚሆነው ሌላ ነው። ፊልሙ ሲከፈት እናት ወይም ታላቅ እህት ጓዳ ናት። ወጡ እንዳያር ታማስላለች፣ እንጀራ ትጨምራለች፣ ውሃና ሚጥሚጣ ታቀርባለች። «ኧረ ነይ፣ ጀመረ እኮ!» ስትባል «እናንተ እዩ፣ እኔ ከዚህ እሰማለሁ» ትላለች። ትሪውን ይዛ ስትገባ ታሪኩ ተጋምሷል። «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ ብትጠይቅ «ቆይ እማዬ፣ እንስማበት» ይሏታል። ተቀመጠች ሲባል ቡና ያማረው ሰው ይገኛል። መጨረሻ ላይ ሰውየው ሲሞት የምናለቅሰው ሌሎቻችን ነን፤ እሷ ሰውየውን በሕይወቱ አላወቀችውም።

ይህ የበለጠ የሚቆረቁረኝ ስለ ምግብ የተሠሩትን ታላላቅ ፊልሞች ሳስብ ነው። ምርጦቹ የሚተርኩት ስለ በላተኛው አይደለም፤ ጓዳ ስለቀረው ሰው ነው።

ዴንማርካዊው ጋብሪኤል አክሰል እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራውን «የባቤት ግብዣ» ላስቀድም። ባቤት እ.ኤ.አ. በ1871 ከፓሪሱ እልቂት ሸሽታ ወደ ጁትላንድ ነፋሻ የባሕር ዳርቻ ትመጣለች። በዚያ ሁለት በዕድሜ የገፉ የፓስተር ልጆች ቤት ያለ ደመወዝ ታገለግላለች። እህትማማቾቹ የደረቀ ዓሣ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ ከዳቦና ከቢራ ሾርባ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩአታል። እሷም ዝም ብላ ትማራለች። ከ14 ዓመት በኋላ 10,000 ፍራንክ ሎተሪ ይደርሳታል። ሁሉም አገሯ ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ለሟቹ ፓስተር መታሰቢያ አንድ የፈረንሳይ ራት እንድታበስል ትለምናለች። ኤሊው፣ ድርጭቱ፣ ወይኑ በጀልባ ተጭኖ ሲመጣ ምእመናኑ ይደነግጣሉ፤ ምግብን ማድነቅ ኃጢአት ይመስላቸዋልና ስለሚበሉት አንዲት ቃል ላለመተንፈስ ይማማላሉ።

በጾም ያደገ ሰው እነዚህን እንግዶች በቀላሉ ያውቃቸዋል። ሆድን መግዛት ምን እንደሆነ፣ ጥሩ ምግብ ፊት ተቀምጦ ዓይንን መስበር ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም። ስለዚህ ያ ራት ቀስ በቀስ ፊታቸውን ሲፈታው፣ ለዓመታት የተቋሰሉት ሰዎች በገበታው ላይ ሲታረቁ፣ እኛ ከዴንማርኮቹ ባላነሰ ይገባናል። ባቤት ግን ያን ሁሉ አታይም። ጓዳ ናት። የመጨረሻው ሳህን እስኪወጣ ድረስ በእግሯ እንደቆመች ናት። የሎተሪው ገንዘብ ሳንቲም ሳይቀር እዚያ ገበታ ላይ አልቋል። እንግዶቹ እየዘመሩ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ያበላቻቸው ሴት ማን እንደነበረች እንኳ አላወቁም። ፊልሙ በዓመቱ ምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል።

የሕንዱን ሪቴሽ ባትራን «ዘ ላንችቦክስ» (እ.ኤ.አ. 2013) ያየ ሰውም ኢላን ያስታውሳታል። ኢላ ሙምባይ ውስጥ ለባሏ በየቀኑ የምሳ ዕቃ ትሞላለች። ዕቃው ተሳስቶ ጡረታ ለመውጣት ለተቃረበ ብቸኛ ሰው ይደርሳል። በምሳ ዕቃው ውስጥ ደብዳቤ ይለዋወጣሉ፤ እሱ ሲበላ ግን አንድም ቀን አላየችውም። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቷ ደግሞ በገመድ በታሰረ ቅርጫት ቅመም ታወርድላታለች፤ ድምፅዋን እንሰማለን፣ ፊቷን ጨርሶ አናየውም። በአጥር ላይ በርበሬና ጨው ሲቀባበል ላደገ ሰው ያቺ ቅርጫት ብቻዋን ፊልሙን ለማየት በቂ ምክንያት ናት። የታይዋን ተወላጁም አንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 በሠራው ፊልም ታይፔ ውስጥ ሚስቱ የሞተችበትን አንድ ሽማግሌ ወጥ ቤት ያሳየናል፤ እሁድ እሁድ ለሦስት ሴት ልጆቹ የሚደግሰው ለጉድ ነው፣ ነገር ግን ምላሱ መቅመስ ትቶበታል።

ከኛው አገር ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ቹኒ ከምትባል በጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል። እጁ ለምግብ የተባረከ ነው፤ ምግብ መሥራት ይወዳል። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱን አይወድም። በጓም ለበዓል ትታረዳለች ይላል። ልጁ በጉን ለማዳንና አገሩ ለመመለስ ገንዘብ ያስፈልገዋልና ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል።

እንግዲህ ይህን ፊልም የሚያይ ቤት ራቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ የምስር ሳምቡሳ ነው። ሥጋ በዚያ ምሽት ቦታ የለውም፤ ልጁ ያቺን በግ ለማትረፍ ሲንከራተት እያየን ቅቅል ለመብላት ልባችንም አይፈቅድም። ምስሩ ሳይፈርስ ተቀቅሎ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ይበስላል፤ ሊጡ በስሱ ተዳምጦ ሦስት ማዕዘን እየሆነ ይታጠፋል፤ ጠርዙ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ይለጠፋል። ማጠፉን የቤቱ ወንዶች ልጆች ይሥሩት እላለሁ። መጀመሪያ ጫፉ ይከፈትባቸዋል፤ ዘይት ውስጥ ምስሩ ይበተናል፤ ቀስ እያሉ ይለምዱታል። ፊልሙ ሲጀመር ኤፍሬም ምን እየሠራ እንደሆነ ከማንም በላይ የሚገባቸው እነሱ ናቸው። ራትና ፊልም ተጋቡ የምለው እንዲህ ሲሆን ነው። የጣሊያን ፊልም ስለሆነ ፓስታ፣ የሕንድ ስለሆነ ሩዝ ማለት ያን ያህል አያስደስተኝም፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ምግብ ዝርዝር ይመስላል። ምግቡ ከታሪኩ ውስጥ ካልወጣ የፈለጉትን ቢበሉ ያው ነው።

ያበሰለው ሰው እንዲቀመጥ ከፈለግን ምግቡም እንደዚያው ሊመረጥ ይገባል። ጥብስ ለፊልም ምሽት አይሆንም፤ ትኩሱን ካልበሉት ዋጋ የለውም፣ ጠባሹም ከምድጃ አይለይም። እየተንተከተከ የሚቀርብ ተጋቢኖም እንደዚሁ። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ግን ሁሉ ነገሩ አስቀድሞ ያልቃል፤ ካደረም ይጥማል። ስለዚህ ረጅም ፊልም ላለበት የበዓል ማግሥት ከዶሮ የተሻለ አላውቅም።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምመርጠው ዓርብን ነው። ብዙ ሰው ፊልምና ግብዣ ሲባል ቅዳሜ የሚለው ዓርብ ጾም ስለሆነ ነው። ዓርብን አትለፉት። ከምግቦቻችን ሁሉ ቀዝቃዛውን የሚያውቀው የጾም ገበታ ነው። አዚፋ በሰናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ ተለውሶ ከሰዓት በኋላ ይቀመጥ፤ ማታ ማንም እሳት ላይ መቆም የለበትም። ሱፍ ፍትፍትም ሲቀዘቅዝ ነው ደስ የሚለው። ቲማቲም ለብለብም ቢሆን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። «የባቤት ግብዣ»ን በጾም ቀን፣ አዚፋ በልቶ ማየት እንዴት እንደሚያስደስት ልነግራችሁ አልችልም፤ እነዚያ በመሐላ የተቀመጡ እንግዶች ጎረቤቶቻችን ይሆናሉ።

በፊልሙ ላይ ይበላ ወይስ ከፊልሙ በፊት? እኔ ከፊልሙ በፊት እላለሁ፤ በዚህ አልደራደርም። እንጀራ ዓይን ይፈልጋል። ትሪውን የከበቡ ሰዎች ፊት ለፊት ነው የሚተያዩት፤ ስክሪን ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራል። ጉርሻ የሚጎርሰውን ሰው ሳያዩ አይሰጥም። ጨለማ ውስጥ አጥንት ከሥጋ አይለይም። ከፊልሙ ግርጌ የሚወጣውን የትርጉም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ቀና ብሎ መቆየት አለበት፤ እንጀራ የሚቆርስ ሰው ደግሞ ጎንበስ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሞከረ ሰው ወይ ታሪኩ ያመልጠዋል፣ ወይ ወጡ ልብሱ ላይ ይፈሳል። አሁን ፊልሙ በእጃችን ነው፤ በፍላሽ ይመጣል፣ ብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞች ዩቲዩብ ላይ አሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ በየቤቱ ራት በተከታታይ ድራማው ሰዓት ሲገፋ፣ ሲጣደፍ አይተናል። ፊልም ግን እኛ ስንከፍተው ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ትሪው ይነሳ፣ እጅ ይታጠብ፣ ከዚያ ይከፈት።

በፊልሙ መካከል የሚያስፈልገውን ደግሞ ባህላችን አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል፤ ቡና ነው። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ፈንዲሻን በሰፊው ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት ባለ ምንጣፎቹ ያቆሽሻል ብለው ይከለክሉት ነበር። እኛ ፈንዲሻን የምናውቀው ከረከቦቱ አጠገብ ነው፤ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ዕጣኑም አብሮ። ራት እየተበላ ቡናው ይቆላ። አቦሉ ፊልሙ ሳይከፈት ይጠጣ። ቶናው ሲደርስ ፊልሙ ይቁም፤ ማቆም ነውር አይደለም፤ ለዓመታት አዲስ አበባ የወደደቻቸው የሕንድ ፊልሞች መሃላቸው ላይ ለእረፍት የተሠራ ቦታ አላቸው። በረካው ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ክርክሩ የሚጥመው ያኔ ነው፤ ቡና ያፈላችውም ከሁሉ ጋር ሆና ሐሳቧን የምትሰጥበት ጊዜ ያገኛል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» የመሰለ ፊልም ከራት ጋር እንዲጋባ አልመክርም፤ ያን ፊልም ያየ ቤት ለመብላት አይነሳም፤ በረካው ላይ ግን ሽማግሌዎቹ ስለ ደርግ ዘመን ለልጆቹ ያልነገሩትን ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን በመሰሉ ከተሞች ለሚኖሩ ወላጆችም ይህን ሰዓት አደራ እላለሁ። አማርኛ የሚሰማ ግን የማይናገር ልጅ ፊልሙ ላይ ያልገባውን የሚጠይቀው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ባወራት አልተቀበለችኝም። «እኔ እኮ እናንተ ስትበሉ ሳይ ነው የምጠግበው፤ ተቀመጪ አትበሉኝ» አለችኝ። ከልቧ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያኖራትን ደስታ አቃልዬ ልነጥቃት አልፈልግም። ብዙ እናቶችም እንዲህ እንደሚሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅኋት፤ «እሺ፣ አንቺ ምን ፊልም ማየት ትፈልጊያለሽ?» ትንሽ አሰበች። ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ገባኝ። ከዚያ ልጅ ሳለች ሲኒማ ቤት ገብታ ያየችውን አንድ የሕንድ ፊልም ነገረችኝ፤ ስሙን ረስታዋለች፣ ዘፈኑን ግን ታንጎራጉረዋለች። እየፈለግን ነው። ሲገኝ ወጡን ከቀትር በፊት እኛ እንሠራዋለን፤ ፊልሙ ሦስት ሰዓት ቢፈጅም፣ ልጆቹ ዘፈኑ በዛ ቢሉም፣ የዚያን ቀን የሚታየው እሱ ነው።