ጥቁር እንጨት ከደብር አጥር ውጭም ይጽደቅ

ይድረስ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ግብርና መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ክረምት ሲቃረብ ወሬው ሁሉ ስንት ሚሊዮን ችግኝ ይተከላል ነው። እኔ የምጽፍልዎ ስለ አንድ ዛፍ፣ ስለ ጥቁር እንጨት ነው።

የኮክ ዘመድ ነው። ቅጠሉን በጣትዎ ቢያሹት የኮክ ፍሬ ውስጡ ሲሰበር ያለውን መራራ ሽታ ይሸታል፤ የቅጠሉ ዘንግ ቀላ ይላል፤ ያረጀው ግንድ ቅርፊቱ ጠቁሮ ይሰነጣጠቃል። ከካሜሩን ተራራ እስከ ማዳጋስካር በዝናባማ ተራሮች ደን ይበቅላል፤ በአገራችንም ከደቡብ ምዕራብ ደኖች እስከ ጎጃም ደጋ ይደርሳል። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚሆን በብዙ አገር ያለ ርኅራኄ ተልጧል፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮም ንግዱ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) ቁጥጥር ሥር ነው። የእኛን የጨረሰው ግን ማረሻና መጥረቢያ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ በጥቂት ዓመት አጣና ሸጦ ልጅ ያስተምርበታል። አገር በቀሉ የተረፈው ባመዛኙ በአፀደ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያም ስጋት አለ፦ የደን ተመራማሪውና ደራሲው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ደን ባካሄዱት ጥናት፣ ከብት በሚገባበት ደን አዲስ ቡቃያ እንደሚቸገር አሳይተዋል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ተተኪ ያጣል ማለት ነው።

ችግኙን ለማፍላት ዋናው ማነቆ ዘሩ ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ዘር በከረጢት ታስሮ ይከርማል፤ የጥቁር እንጨት ዘር ከደረቀ ግን ቶሎ ይሞታል። ከመጋዘን ዘር ጠብቆ የሚሠራ ችግኝ ጣቢያ ሊያፈላው አይችልም። ፍሬው ሲበስል ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ፣ በዚያው ሰሞን መደብ ላይ መግባት አለበት።

ስለዚህ ከሀገረ ስብከቱና ከየሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግረው እናት ዛፎቹን ያስመዝግቡ። ለለቀማው የአብነት ተማሪዎች ይከፈላቸው፤ ዛፉ መቼ እንደሚያፈራ ከሥሩ ተቀምጠው ከሚቀጽሉት በላይ የሚያውቅ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ችግኙ ገላጣ ሜዳ ላይ ባይሄድ ይሻላል፤ የደን ዳርና የወንዝ ዳር፣ ከብት የማይደርስበት ቦታ ይስማማዋል። ሪፖርቱም የሚጻፈው ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ፣ የጸደቀው ተቆጥሮ ይሁን።

የዘንድሮው ፍሬ ከመርገፉ በፊት ምላሽዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ