ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻና ስለ ሚስት ምክር

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤታችን ጋር ከጎባ በማለዳ ተነሥተን በባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት ሄድን። ይህን ዋሻ የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን በብዙ ዘመን እየቦረቦረ ሠርቶታል፤ ርዝመቱም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በዚያ ይጸልዩ ነበር ከሚባሉት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው።

ከመሪያችን ጋር ገብተን እንደ አዳራሽ ምሰሶ የቆሙትን ታላላቅ የድንጋይ ዐምዶች ባየን ጊዜ እጅግ ተደነቅን። ወደ ፊት እንቀጥል ብንል ባለቤታችን «የፋኖሱ ላምባ ተጋምሷል፤ መመለሻውም ይህንኑ ያህል ብርሃን ይፈልጋል» አሉን። እኛ ግን በመሪው ፊት ፈሪ መባልን ጠልተን ጥቂት ተራመድን። መሪውም «እመቤቲቱ እውነት ተናገሩ» ቢል አፍረን ተመለስን። የዋሻው አፍ በሩቁ ሲታየን ፋኖሱ ጠፋ።

አምና ለቤት ሥራ ብድር በብድር ላይ ስንጨምር ባለቤታችን እንዲሁ መክረውን ነበር፤ ባለመስማታችን ዕዳውን እስከ ዛሬ እንከፍላለን። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ «እንመለስ» የምትል ሚስት መመለሻውን ያሰበች ናት እንጂ ፈሪ አይደለችም። ላምባው ሳያልቅ ምክሯን መስማት ይገባል።