ማዘጋጃ ቤት አስቀድሞ የራሱን ቤቶች ይመርምር



በከተሞቻችን ውስጥ ለመውደቅ ስለ ተቃረቡ ቤቶች ያለኝን አሳብ ለአንባቢያን አቀርብ ዘንድ ከዚህ ዓምድ ጥቂት ሥፍራ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምኖረው በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሲሆን ሥራዬም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ዳሩ ግን ቤት ሲዘምም ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ስለ አደገኛ ሕንፃ በአገራችን ሕግ የለም የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። ሕግስ ከጥንትም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የአንድ ሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፥ ጉዳቱ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፥ ኀላፊ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለውም ቁጥር የሌላ ሰው ሕንፃ ያሰጋው ሰው፥ ባለቤቱ አደጋውን ለማራቅ የሚያስፈልገውን እንዲያደርግ ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከብዙ ዘመን በኋላም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፥ ዐሥር ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባለባቸው ከተሞች ፕላን መርምሮ ፈቃድ የሚሰጥና የግንባታን ሥራ የሚቈጣጠር የሕንፃ ሹም የሚባል ባለሥልጣን እንዲሾም አዘዘ።

እንግዲህ ጥያቄው ሕግ አለ ወይስ የለም አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ሊወድቅ የደረሰው ቤት የግለሰብ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ሹሙ ይጽፋል፥ ባለቤቱም ያድሳል ወይም ያፈርሳል፥ እምቢ ቢል ይቀጣል። ቤቱ የቀበሌ ሲሆንስ? አዛዡ የከተማው አስተዳደር፥ ታዛዡም ያው የከተማው አስተዳደር ይሆናል። ቀኝ እጅ ለግራ እጅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጽፍ ማን አይቶ ያውቃል?

ይህ እንዴት እንደ መጣ ባጭሩ ላንሣው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበረው ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ ለብቻው በተቋቋመው የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሥር ዋሉ። በዚያው አዋጅ ኪራይ እንዲቀነስ ተደረገ፤ ይህም ለድኻው ሕዝብ ታላቅ እፎይታ ነበረ። ዳሩ ግን ኪራዩ ለብዙ ዘመን ባለበት ሲቆም ምሰሶው ባለበት አልቆመም። ሐዋሳ በዚያን ጊዜ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ከተማ ነበረች፤ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነውና። አዋጁ የወረሳቸው ቤቶቿ አዲሶች ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆሙት ዕድሜያቸው ኀምሳ ዓመት አልፎ ወደ ስድሳ የሚሄድ ነው፤ ከተሠሩ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ በባለቤታቸው እጅ ያልታደሱ እንዳሉባቸውም በዐይናችን የምናየው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከተማሪዎቼ አንዱ ሦስት ቀን ከትምህርት ስለ ቀረ ወደ ቤቱ ሄድሁ። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቀበሌ ብቻ አይደለምና። ልጁ ከአያቱ ጋር የሚኖርበት የቀበሌ ቤት የጓዳው ግድግዳ ሌሊት በዝናብ ወደ ውስጥ ተንዶ መኝታውና ደብተሮቹ በጭቃ ተቀብረው ነበር። እርሱ የተረፈው በዚያች ሌሊት ብርድ በርዶት ከአያቱ ጋር በፊተኛው ክፍል ስለ ተኛ ነው። የፈረሰውን በኬሻና በላስቲክ ጋርደውታል። «እማማ፥ ግድግዳው ሲያብጥ እያዩ ለምን አላስጠገኑትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ ያለ ደብዳቤ አንድ ምስማር ብመታ ሕገ ወጥ ግንባታ ይሉኛል፤ ደብዳቤውን ከጠየቅሁ ደግሞ ዓመት አለፈኝ፤» አሉኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ አጥብቄ ብጠይቅ ቤቱ አደገኛ ነው ውጡ ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ አሉ።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ በእኝህ አሮጊት ፍርሃት ውስጥ ነው። ለመውደቅ በተቃረበ ቤት የሚኖር ሰው ስለ አደጋው ከማንም በፊት ያውቃል፤ በሩ አልዘጋ ሲለው፥ በጣራው ማዕዘን ሰማይ ሲታየው፥ የምስጥ ዐፈር ከማገሩ ላይ ሲረግፍ ያያል። ነገር ግን ካመለከተ ቤቱን ያጣል፤ ዝም ካለ ምናልባት እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆምለታል። ስለዚህ ዝም ይላል። ማንኛውም ቍጥጥር ይህን ዝምታ ካልፈታ በቀር ከጽሕፈት ቤት የማይወጣ ወረቀት ነው።

በዚህ ላይ የጭቃ ቤት ሁሉ ይፍረስ የሚሉትን ሰዎች አሳብ አልቀበልም። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ምሰሶው ከመሬት በሚገናኝበት ሥፍራ ምስጥ ይበላዋል ወይም እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ጣራው አሸንዳ ከሌለው ነጠብጣቡ የግድግዳውን ሥር ይቦረቡራል፤ በአንዳንድ ሠፈር ደግሞ መንገዱ በድንጋይ ሲነጠፍ ከፍ ስለሚል ቤቱ ከመንገዱ በታች ቀርቶ ጎርፉ በቀጥታ ይገባበታል። እነዚህ ሁሉ በጊዜ ቢታዩ በትንሽ ወጪ የሚጠገኑ ናቸው። በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግድግዳው ጭቃ ነበረ። ኀላፊው በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ትንሽ መዶሻ ይዘው እኛን ተማሪዎች አስከትለው ምሰሶውን ሁሉ ከሥሩ ይኳኩ ነበር፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው በኖራ ምልክት ይደረግበታል፥ በሳምንቱም በአዲስ እንጨት ይለወጣል፥ የአዲሱም እንጨት ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ለዚህ ሥራ መዶሻ፥ ኖራና የሚጠይቅ ባለቤት በቂ ነበረ።

ነገሩን የሚያከብደው የምንኖርበት ምድር ነው። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በተቆረቆረችበት በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከሐይቁ በስተ ሰሜን በሬክተር መለኪያ 6 ያህል የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. የደረሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ፥ 4.3 ብቻ ሲሆን፥ በከተማችን ሕንፃዎች ላይ ጉዳት አድርሶ ሕዝቡን በብዙ አስጨንቆታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው ንቅናቄም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንጨቱ ጤነኛ የሆነ የጭቃ ቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይወድቅም፤ ምሰሶው የተበላ ቤት ግን ለመውደቅ ትንሽ ምክንያት ይበቃዋል።

አደገኛ ነው ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻውን እንደማያድን ከጎረቤታችን ከኬንያ መማር እንችላለን። በሚያዝያ ወር 2008 ዓ.ም. በናይሮቢ ሁሩማ በሚባለው ሠፈር አንድ ባለ ብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ በዝናብ ሌሊት ተደርምሶ ኀምሳ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃው ለመኖሪያ የማይገባ ነው ተብሎ እንዲፈርስ አስቀድሞ ተወስኖበት ነበር፤ ሰዎቹ ግን በውስጡ ነበሩ። ኪራዩ ርካሽ፥ መሄጃውም ጠባብ ሲሆን ሰው በቀለም ምልክት ምክንያት ቤቱን ለቅቆ አይወጣም።

ስለዚህ የከተማችን አስተዳደር ሌላውን ሰው ከመመርመሩ በፊት ከራሱ ቤቶች እንዲጀምር አሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ ከሚያዝያ በፊት በየቀበሌው ያሉት የመንግሥት ቤቶች አንድ በአንድ ይታዩ፤ የሚያየውም ሰው ከቤት አስተዳደሩ ሳይሆን ከሕንፃ ሹሙ በኩል ይሁን። ያገኘው ነገር ቀን ተጽፎበትና ፊርማ ኖሮት በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ በመዝገብ ውስጥ አይቀበር። የሚጠገነው ቤት ነዋሪው ራሱ እንዲጠግን በሳምንት ውስጥ ፈቃድ ይሰጠው፤ ያወጣውም ገንዘብ ከኪራይ ይታሰብለት። መፍረስ ያለበት ሲሆን ግን፥ ነዋሪው የሚገባበት ቤት በቁጥር ተለይቶ ቁልፉን ሳይቀበል ግድግዳው አይነካ። ያች አሮጊት ያለ ፍርሃት ሊያመለክቱ የሚችሉት ይህ የመጨረሻው ነገር በጽሑፍ ሲረጋገጥላቸው ብቻ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የምናገረው ብዙዎቹን የሥራ ባልደረቦቼን እንደሚያስቈጣቸው አውቃለሁ። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ በቀበሌ ቤት የሚኖር ነውና። አንድ ቤት በወር ሠላሳ ብር ቢከራይ በዓመት 360 ብር ይሆናል፤ በዚህ ገንዘብ ዛሬ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። በእንዲህ ያለ ኪራይ ባለቤቱ ቢያድስ ከየት አምጥቶ ነው? ነዋሪውም ወጪውን ከኪራይ ይቀንስ ቢባል ዕድሜው አይበቃውም። እንደ እኔ አስተያየት፥ ደመወዝ ያለን ሰዎች በምንኖርባቸው ቤቶች ላይ ኪራይ በልኩ ከፍ ቢል ፍትሕ ነው፤ ነገር ግን የተጨመረው ብር በሌላ ሒሳብ ሳይደባለቅ ለዚያው ቀበሌ ቤቶች እድሳት ብቻ መዋሉ በየዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይገለጥ። ደመወዝ የሌላቸው አረጋውያን ግን ባሉበት ይክፈሉ። ይህን ስል እኔ በግለሰብ ቤት ተከራይቼ የምኖር መሆኔን አልሸሽግም፤ የሚነካኝ አይደለም የሚለኝ ቢኖር መብቱ ነው።

ጊዜ የለም የሚለውን ምክንያት ግን አልቀበልም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፥ ኋላም በእኛ ከተማ፥ ለመንገድ ልማት ሲባል ስንት ቤት በምን ያህል ፍጥነት ተለክቶ፥ ተመዝግቦና ፈርሶ እንደ ነበረ ሁላችን ያየነው ነው። ለማፍረስ የተገኘው ትጋት ለመመርመር አይጠፋም።

ስለ አዲሶቹ ፎቆችና ስለ ግንባታ ሥራ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለዛሬው ግን አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ የነበረው የእንጨት መወጣጫ በበዓሉ ቀን ተደርምሶ ቢያንስ 36 ምእመናን ሞተዋል፤ እጅግ ብዙዎችም ቈስለዋል። ከዚያ ወዲህ በፎቅ ሥራ አጠገብ ሳልፍ ዐይኔ ወደ ባሕር ዛፉ መወጣጫ ይሄዳል። የተሰበረውን በገመድ አስረው ሲሠሩበት አይቻለሁ፤ በሥሩም ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ይህንንም የሚመለከት ሹም ካለ ከቢሮው ወጥቶ በእግሩ ቢዞር መልካም ነው።

ክረምት ሲቃረብ የቤት ጥያቄ በየቢሮው እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በከተማችን ካሉት የቀበሌ ቤቶች መካከል በዚህ ዓመት በባለሙያ የታዩት ስንት ናቸው? አንድ ነዋሪ የጥገና ፈቃድ ጠይቆ በስንት ቀን መልስ ሊያገኝ ይገባዋል? የሚመለከተው ክፍል ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በዚሁ ዓምድ መልስ ቢሰጠን፥ ጋዜጣውን ቆርጬ ለተማሪዬ አያት አደርስላቸዋለሁ።


አንድ መምህር
ሐዋሳ፥ ምሥራቅ