ሁለት ሸቀልና አንድ ሰሃን ሩዝ

ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ባለ አንድ ሸቀል ሳንቲም አውጡልኝ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ዙሪያውን በባለ አምስት ሸቀል ሳንቲሞች ክበቡት። ሌላውን ራቅ አድርጋችሁ ጥግ ጥጉን ምስር ደርድሩበት። አሁን እዩ፤ የትኛው ሸቀል ይተልቃል?

ብዙ ሰው በምስር የተከበበውን ነው የሚለው። ሁለቱም ግን ያው 18 ሚሊ ሜትር ናቸው። የሚገርመው፣ ይህን ካወቃችሁም በኋላ ዓይናችሁ አይታረምም። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተሸውጃለሁ። ነገሩ የሚጠራው በጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ በኸርማን ኤቢንግሃውስ ስም ነው። መነጽር አያድነውም። አንጎላችን አንዱን ነገር የሚያየው ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ነውና፣ ትልልቅ መካከል የገባ ያንሳል፣ ትንንሽ መካከል የገባ ይገዝፋል።

ቅርጽም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ፣ የአንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ሴራሚክ ረድፉ ገባ ወጣ እያለ ተለጥፎ ነበር። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ሆነው ሳለ ለሚያያቸው ዘመም ዘመም ይላሉ። ሪቻርድ ግሪጎሪ የተባለ ምሁር ከባልደረባው ጋር በ1979 ጽፎበታል። ግንበኛው ስንቴ ተወቅሶ ይሆን?

ወደ ማዕዳችን እንመለስ። ስኳር ያለባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዲያታኒቷ «ሩዝ ግማሽ ኩባያ» ትላለች። ያቺ ሩዝ ሰፊ ሰሃን መሃል ስትቀመጥ ዙሪያዋ ባዶ ይሆንና የወፍ ምግብ ትመስላለች። ቤልጂጋዊው ጆሴፍ ዴልቦፍ ክብ በሰፊ ክብ ውስጥ ሲገባ አንሶ እንደሚታይ ያመለከተው በ1865 ነው። እናቴ ግን ስለ ዴልቦፍ ምን ገዷት! ሰሃኑን አየት ታደርግና «ኧረ ይሄ ምን ጠብ ይላል!» ብላ አንድ ጭልፋ ትጨምራለች። ከእንጀራም ቢሆን ያው ነው፤ ትልቅ ትሪ ላይ ግማሽ እንጀራ ቁራሽ ይመስላል።

«ሰሃኑን አሳንሱ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። አልቃወምም፤ ግን ያው ዓይንን በሌላ መንገድ መሸወድ ነው። እኔ የምለው ስፈሩት ነው። በተለይ የኢንሱሊኑን መጠን በሚበላው ልክ የሚያሰላ ሰው በዓይኑ ገምቶ ሲሳሳት ስኳሩ ይወጣበታል ወይ ይወርድበታል። የምትሰፍሩበት ኩባያ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ሩዙም ከበሰለ በኋላ ነው ወይስ ጥሬውን ብላችሁ ዲያታኒቷን ጠይቁ።

እናቴ አሁን መስፈሪያዋን ከድስቱ አጠገብ አንጠልጥላለች። ጭልፋውም እዚያው አለ።