ስም ያልተጻፈበት ሽቦ



ባለፈው ወር ሳሎናችንን ቀለም ስናስቀባ የቴሌቪዥኑን መደርደሪያ ከቦታው አነሣነው። ከጀርባው፣ ከግድግዳው የወጡ አምስት ጥንድ ሽቦዎች ተንጠልጥለው አገኘን። ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ጂፕሰም ኮርኒሱ ውስጥ አራት ስፒከሮች አስገጥመው ነበር፤ የትኛው ሽቦ የየትኛው እንደሆነ ግን ምልክት የለውም። የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ የባትሪ ድንጋይ ይዞ እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ ይሄን ሽቦው ላይ ነካ ሳደርገው ስፒከሩ ይንኮሻኮሻል» አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን እጁን ያዝኩት።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ለበሽተኛ አይሰጥም ነበር። ውስጡ ያለው የታወቀ ቢመስልም ይጣላል እንጂ አይገመትም። «ሽቦውም እንደዚያው ነው» ብዬ ኤሌክትሪሺያን እስኪመጣ አስጠበቅሁት። አራቱ ጥንድ የስፒከር ሆኑ። አምስተኛው ለግድግዳ መብራት ተዘርግቶ የተተወ፣ 220 ቮልት ያለበት ነበር። መልኩ ከሌሎቹ አይለይም። ልጁ ድምፁ ጠፋ፤ እኔም ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የባለሙያ ነው። ቴስተሩ በቅድሚያ መብራት እንዳለበት በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞከር፤ የማይሠራ ቴስተር ከሌለ ይብሳል። የቤቱ ማብሪያዎችም ሁሉ በርተው ይታዩ፤ ማብሪያው ከጠፋ አደገኛው ሽቦ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

የስፒከር መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ያለውን ከልጆች ጋር መሥራት ይቻላል። ሽቦዎቹ ከአምፕሊፋየሩ ይነቀሉ። ግድግዳው ላይ የድምፅ መቆጣጠሪያ ካለ እስከ መጨረሻው ይከፈት። አንድ ሰው 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ጫፎችን በአንድ ጥንድ ሽቦ ለአፍታ ነካ አድርጎ ይልቀቅ፤ ይዞ መቆየት አያስፈልግም። ሌላው ከኮርኒሱ ሥር ያዳምጥ። «ቸክ» ያለው ስፒከር የዚያ ሽቦ ባለቤት ነው። ምንም ካልተሰማ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሶ ወይም ስፒከሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን መለየት ነው። የስፒከሩ ወንፊት ክዳን ከተነሣ፣ ድንጋዩ ሲነካ የመሐሉ ክብ ወረቀት ሲንቀሳቀስ ይታያል። ወደ ታች፣ ወደ እኛ ከወጣ፣ የድንጋዩን ፖዘቲቭ ጫፍ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ላይ ከገባ ተገላብጧል። በሽቦው ላይ መስመር ወይም የቀለም ልዩነት ቢኖርም ገጣሚው እንዴት እንደተጠቀመበት ስለማይታወቅ ሞክሮ ማየት ይሻላል።

ቢገላበጥ ስፒከሩ አይቃጠልም። ነገር ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ የሰውም ንግግር ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ባለቤቴ ጆሮው ደከም ስላለ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም።

እያንዳንዱ ሽቦ እንደታወቀ ነጭ የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ጠቀለልኩበት፤ የልጅ ልጄ «መስኮት በኩል፣ ፖዘቲቭ» እያለ በእስክሪብቶ ጻፈ። አራስ ክፍል ሕፃናት ክንድ ላይ ስም ስናስር ትዝ አለኝ። የመብራቱን መስመር ኤሌክትሪሺያኑ ከብሬከሩ ለይቶ ዘጋው። በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ እንደጠፋ ሽቦዎቹን ገጠምን፤ ራቁት ጫፎቻቸው እንዳይነካኩም ተጠነቀቅን።

ማታ ዜና ሲጀምር ባለቤቴ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና «ዛሬ ሰውዬው ጥርት አድርጎ ያወራል» አለ።

እናንተም ቤት ስም የሌለው ሽቦ ካለ፣ ልጆች ሳይቀድሟችሁ አስለዩት።