የለቀማው ረመዳን እየመጣ ነው

ረመዳን ሲገባ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ ሰፈሮች መጀመሪያ የሚለወጠው የጀበናው ሰዓት ነው። ጠዋት ይፈላ የነበረው ቡና ወደ ማታ ይዞራል፤ ከተራዊሕ መልስ ጎረቤት ይጠራራል፣ አቦሉ ይቀዳል። የማይፆሙትም ይህን ያውቃሉ። ጠዋት ጨሟቸውን፣ ማለትም ከዝንጅብልና ከበርበሬ ጋር የፈላውን የቡና ቅጠል፣ በየቤታቸው ጠጥተው ማታ ቡናው ላይ አብረውን ይቀመጣሉ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው በደቡብ ምዕራብ የሰፈሩ ወገኖቻችንም ቡና ላይ ዱዓ የማድረግ ልማዳቸውን ይዘው ነው የመጡት። ሦስተኛውን ስኒ በረካ የምንለው በከንቱ አይደለም።

ቡና ከዒባዳ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር፤ ከዚያ መካ፣ ካይሮና ኢስታንቡል ደረሰ። የቱርክ ቡና አፈላልና ባህል እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጫካው ግን እዚሁ እኛ ጓሮ ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ግን ስኒው ሳይሆን ለቃሚው ነው። ዘንድሮ ረመዳን የገባው በየካቲት፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ ነው። ወሩ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ በ2023 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ፣ በ2026 ደግሞ ኅዳር አጋማሽ አካባቢ ይገባል። ያ የቡና ወቅት ነው። ታላላቆቻችን ይህን በ1990ዎቹ አይተውታል፤ የዛሬዎቹ ወጣት ለቃሚዎች ግን አያውቁትም።

እሸት ቡና ነገ አይባልም። የቀላው ፍሬ በለቀሙት ዕለት ወደ መፈልፈያው መግባት ወይም አልጋ ላይ መሰጣት አለበት፤ ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። የለቃሚው ክፍያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኪሎ ነው። ስለዚህ 13 ሰዓት ያህል የሚፆም ሰው በቴፒና በበበቃ ሙቀት ዝግ ብሎ ከለቀመ ገቢው ይቀንሳል፣ ከተጣደፈ ጉልበቱ ያልቃል። ብዙ ሴቶች ከዚያ ተመልሰው ኢፍጣር ያዘጋጃሉ። (እዚህ ላይ ወንዶቻችን ጆሯቸውን ቢሰጡን ደስ ይለናል፤ ሾርባ ማማሰል ፆም አያበላሽም።)

የፆሙን ብይን ለዑለማዎች እንተወዋለን። የሥራ ሰዓቱ ግን በሰው እጅ ያለ ነገር ነው። ለቀማው ከፈጅር በኋላ ወዲያው ተጀምሮ ሚዛኑ ዙህር ላይ ቢቆም፣ የከሰዓቱን ተራ የማይፆሙ ባልደረቦች ቢይዙትና በገናና በፋሲካ ሰሞን ሙስሊሙ በፈንታው ቢሸፍንላቸው፣ ቡናውም ሰውም አይጎዳም። ከሩቅ መጥቶ በካምፕ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ጀበና የሚያፈላለት ቤተሰብ የለውም። የመስጊድ ጀመዓዎች የኢፍጣር ማዕዳቸውን እስከ ካምፑ ቢያደርሱለት ሩቅ አይደለም።

የልማቶቹ ኃላፊዎች፣ ባለ ጓሮ ገበሬዎችና የመስጊድ ሽማግሌዎች ከዒድ በኋላ ቢቀመጡ፣ የሰዓት ለውጡን በመጪው የለቀማ ወቅት በትንሽ ማሳ ላይ መሞከር ይቻላል። እስከ 2023 አራት ምርት አለ።