የካርቶን ላይ ቁጥር አይዘፍንም

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የባኬ ጃማ ልጆች! ቤቱ ዘፈን ልቅዳ ብሎ የተነሳ ሁሉ ለምንድን ነው «192 ኪሎኸርዝ» የሚል ካርቶን ሲያይ ልቡ የሚጠፋው?

ሻጩ «ያለዚህ ስቱዲዮ የለም» ይላል። አትስሙት! ሲዲ ራሱ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ ነው የሚይዘው። የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም፤ ለዚያ ደግሞ 44.1 ይበቃል። የቀረውን ለሌሊት ወፍ ተዉላት።

ለማዳመጥና ፊልም ለማየት ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ይበቃችኋል፤ አምስት ሳንቲም አታውጡ። ለመቅዳት ከሆነ ግን ያቺ ሮዝ የማይክ ቀዳዳ አትታመንም፤ የኮምፒውተሩን የውስጥ ሹክሹክታ አብራ ትቀዳለች። በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ ሳውንድ ካርድ ፈልጉ። ሦስት ነገር ብቻ እዩ፦ የኤክስኤልአር ማይክ መሰኪያ፣ ለኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት፣ ለዊንዶውስ ደግሞ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር።

የተረፈውን ብር ለማይክና ለወፍራም መጋረጃ አውሉት። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን የወለጋ ክረምት ዝናብ ዝም የሚያሰኝ ሳውንድ ካርድ እንደሆነ እስካሁን አልተሠራም።

እኔ ለውድ ካርድ ሁለት ዓመት ብር አጠራቀምኩ። ካርዱ ነቀምቴ ሲደርስ ጌረርሳውን ልቀዳቸው የነበሩት አያቴ አልነበሩም። ካርዱ ዛሬም አለ፤ ቁጥሩም አለ። የሚቀዳው ነው የጠፋው።

እናንተ ግን አያት ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ በሞባይላችሁም ቢሆን ቅዷቸው!